አራት መዳፍ መሬት

የጋሽ ወልዴን ሞት የሰማሁት ታክሲ ውስጥ ነው። ከሜክሲኮ ወደ ካዛንቺስ በምትሄድ ሚኒባስ የኋላ ወንበር ላይ፣ ለሦስት ሰው በተሠራ ቦታ አራት ሆነን ተጣብቀን ሳለ ስልኬ ጮኸ፤ ከቦርሳዬ ሥር በመከራ አወጣሁት። ልጃቸው ሳባ ናት። «እትዬ ሮማን፣ አባዬ አረፈ። ነገ ስምንት ሰዓት ላይ ከቤት ይወጣል» አለችኝና ድምጿ ተቆረጠ። ወርጄ በእግሬ መሄድ ፈለግሁ። ግን መንገዱ ተዘግቶ ከቆምን ቆይተናል፤ ረዳቱም «እህቴ፣ ትራፊኩ እያየን ነው እኮ፤ እዚህ አላወርድም፣ በቃ» ብሎ በሩን በጀርባው ደገፈው። እንባዬን ዋጥ አድርጌ፣ ጉልበቴን ከፊቴ ካለው ወንበር ጋር አጣብቄ ተቀመጥኩ። ወሩ ነሐሴ ነው። ውጭ ዝናቡ ይወርዳል።

ጋሽ ወልዴ እዚያ ቢኖሩ መንገዱ ለምን እንደተዘጋ አይጠይቁም ነበር። ወርደው የታክሲዋን ጎማ ነው የሚያዩት።

የተዋወቅነው ከሚሊኒየሙ ሁለት ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ ካዛንቺስ ባለ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው። እኔ ግዢ ክፍል ውስጥ የምሠራ፣ ኮንትራቴ በየስድስት ወሩ የሚታደስ፣ በየስድስት ወሩም እንቅልፍ የማጣ ልጅ ነበርኩ። እሳቸው የመስክ መኪና ሹፌር ነበሩ፤ ጡረታ ሊወጡ ሦስት ዓመት የቀራቸው፣ ረዘም ያሉ፣ ትከሻቸው ወደ መሪ ያዘነበለ፣ ካኪ ኮታቸውን በሐምሌም በሚያዝያም የማያወልቁ። ቤታቸው ቂርቆስ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ነው፤ በቀበሌ ቤት አምስት ልጅ አሳድገዋል። ጠዋት ጠዋት ከቂርቆስ ካዛንቺስ በእግራቸው ይመጣሉ። «ቀኑን ሙሉ በመንግሥት ጎማ ስለምሄድ፣ ጠዋት እንኳ በራሴ ጎማ ልሂድ» ይላሉ ጫማቸውን እያሳዩ። የጫማቸውም ሶል ሁልጊዜ ደህና ነበር፤ ሳያልቅ ያስቀይሩታል።

አንድ ልማድ ነበራቸው። ግቢው ውስጥ የቆመ መኪና፣ የማንም ይሁን የማን፣ ሳያጎነብሱ አያልፉትም። ከደረት ኪሳቸው የክብሪት ቀፎ ያወጣሉ፤ ከቀፎው ውስጥ አንዲት ሃምሳ ሳንቲም። ሳንቲሟ ላይ ያለውን አንበሳ ራሱን ወደ ታች ዘቅዝቀው በጎማው ጥርሶች መካከል ያስገቧታል። ግንባሩ ከተሸፈነ «ይሄዳል» ይላሉ። የአንበሳው ግንባር ከታየ «አይሄድም»። ሌላ ቃል የለም። የዋና ሥራ አስኪያጁን መኪናም እንደዚሁ አይተው «አይሄድም» ብለው ቀና ሲሉ ሰውየው ከኋላቸው ቆሞ ነበር ይባላል። እኔ አላየሁም፤ ግን አምናለሁ። ሹፌሮቹ «ዶክተር ጎማ» ይሏቸው ነበር። «ታካሚ መጥቷል፣ ዶክተር!» ይላሉ መኪና በገባ ቁጥር። እሳቸውም አይቀየሙም፤ ሳንቲማቸውን ይዘው ይነሣሉ።

እኔን ያገኙኝ በዚሁ በጎማ ጉዳይ ነው። ለመስክ መኪናቸው አራት ጎማ ይገዛ የሚል ደብዳቤ ጠረጴዛዬ ላይ ደረሰ። ልኩን ልጠይቅ እስክሪብቶና ማስታወሻ ይዤ ወረድኩ።

«ጋሽ ወልዴ፣ የጎማውን ልክ ብቻ ይንገሩኝ» አልኳቸው።

«ልኩማ ጎኑ ላይ ተጽፏል፤ ዘበኛውም ያነብልሻል። ነይ እስኪ፣ መዳፍሽን አምጪ።»

እጄን ያዙና አስፋልቱ ላይ አስቀመጡት። ጥፍሬን የተቀባሁት ያን ዕለት ጠዋት ነው። ሹፌሮቹ ሁሉ ከአግዳሚው ላይ ሆነው ያዩኛል። አፈርኩ።

«ይቺን ታክላለች» አሉ ጋሽ ወልዴ። «አንድ ጎማ መሬት የሚነካው በዚች በመዳፍሽ ልክ ነው። አራት ጎማ፣ አራት መዳፍ። ያ ሁሉ ብረት፣ ያ ሁሉ ሰው፣ አለቃችን ኢንጂነሩም ከነቦርሳው፣ መንገድ ላይ የሚቆዩት በአራት መዳፍ መሬት ነው። ሰው ስለ ሞተር ያወራል። ሞተር ያስኬድሻል፤ የሚያቆምሽ ጎማ ነው። በይ አሁን ልኩን ጻፊ።»

ይህን ሁሉ ነገር ከየት እንዳመጡት በኋላ ነው የነገሩኝ። በደርግ ጊዜ ለሹፌርነትና ለመካኒክነት ሥልጠና ቡልጋሪያ ተልከው አንድ የበረዶ ወቅት እዚያ አሳልፈዋል። አስተማሪያቸው ሽማግሌ ሰው ነበር፤ የመጀመሪያውን ቀን መኪና አላስነካቸውም። ሁለት ጎማ በረዶ ላይ አጋድሞ አሳደረና ጠዋት በጥፍራቸው እንዲጫኑት አዘዛቸው። አንዱ ድንጋይ ሆኗል፤ ጥፍር አይቀበልም። ሌላው እንደ ማታው ለስላሳ ነው፤ ጥርሱ ላይም በምላጭ የተተለተለ የሚመስል ቀጫጭን ስንጥቅ ሞልቶበታል። «የበረዶ መንገድ ጎማ ስትመርጡ በብርድ የማይደነግጠውን ምረጡ» አላቸው በአስተርጓሚ። ስንጥቆቹ ደግሞ በረዶውን እንደ ጥፍር ቆንጠጥ አድርገው የሚይዙ ናቸው።

«ታዲያ እኛ አገር የበረዶ መንገድ የት አለና ነው?» አልኩ፣ ዐዋቂ መስዬ።

«በነሐሴ ጣርማ በርን ተሻግረሽ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

«እንግዲያው ተሻግረሽ ጠይቂኝ።» ከዚያ ራርተውልኝ አስረዱኝ። የፈረንጆቹ የበረዶ ጎማ ለእኛ አይሆንም፤ ለስላሳ ስለሆነ በሚያዝያ ፀሐይ አስፋልቱ እንደ ማስቲካ ያኝከዋል። የሚያስፈልገን መሐለኛው ነው፤ ለብርድም ለዝናብም የሚሆን፣ የውሃ መውጫው ሰፋ ያለ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ መጋዘን ያልከረመ። «ዳቦ ስትገዢ በጣትሽ ትጫኚው የለ? ጎማም እንደዚያው ነው። የከረመ ጎማ በብርድ ላይ ሲነዳ ምጣድ ላይ እንደ ፈሰሰ ዘይት ነው፤ የሚይዘው የለም።»

ካዛንቺስ ቁልቁለቱ ላይ ከነበረው ጎሚስታ ጋር ሲከራከሩም ሰምቻቸዋለሁ። ከሌላ መኪና ሁለት ደህና ጎማ ተገኝቶላቸው ሊያስገጥሙ ሄደው፣ እኔም ደረሰኝ ልቀበል አብሬ ወርጄ ነበር።

«ጋሼ፣ ደህናዎቹን ፊት ላድርጋቸው፣ መሪው ላይ» አለ ጎሚስታው።

«ኋላ።»

«ሰው ሁሉ እኮ ፊት ነው የሚያስደርገው!»

«ለዚህ ነዋ ሰው ሁሉ ገደል የሚገባ። ፊትህ ሲሸሽ ታየዋለህ። ኋላህ ሲሸሽ ግን የምታውቀው ዞረህ የመጣህበትን መንገድ ስታይ ነው። ኋላ አድርገው አልኩህ።»

ጎሚስታው ተሸነፈ፤ ግን ለወጉ ያህል፣ ጥርሳቸው አልቆ ሊሾ የሆኑትን ሁለቱን አሮጌዎች በጋለ ምላጭ ቆርጦ አዲስ ጥርስ ላውጣላቸው አላቸው። ያን ጊዜ ብዙ ሰው ያስደርገው ነበር።

«ድድ ላይ ጥርስ ቢሥሉበት ቆሎ ይቆረጥማል?» አሉት። ጎሚስታው ራሱ ሳቀ።

ከዚያ ቀን በኋላ ነው ወረቀቱን ያመጡልኝ። ከልጃቸው ደብተር የተገነጠለ ገጽ፣ በቀን፣ በስምና በፊርማ። ሦስት መስመር ብቻ ነው። ጎማው ከተሠራ ከአንድ ዓመት ያልበለጠ ይሁን። ለብርድና ለእርጥብ መንገድ የሚሆን፣ የውሃ መውጫው ሰፊ ይሁን። አራቱም አንድ ዓይነት ይሁኑ። «ይቺን ስፔስፊኬሽኑ ውስጥ አስገቢልኝ» አሉ። ጽሑፋቸው እንደ ሕፃን ልጅ ጽሑፍ ትልልቅ ነበር።

ወረቀቱን ይዤ ወደ ኢንጂነሩ ወጣሁ። ኢንጂነሩ የእኔም የእሳቸውም አለቃ ነው፤ የእኔን ኮንትራት የሚፈርመውም እሱ ነው። በአንድ ዓይኑ አየት አደረገውና መለሰልኝ። «ሹፌር ስፔስፊኬሽን አይጽፍም። ደግሞ እንዲህ ብለን ብንጽፍ ለአንድ ነጋዴ አደሉ ነው የምንባለው። ያምናውን ገልብጪ።»

ያምናውን መገልበጥ የቤታችን ደንብ ነበር። ያምናው የካቻምናው ግልባጭ ነው፤ የካቻምናውን ማን እንደጻፈው የሚያውቅ የለም። ልኩንና ብዛቱን ጽፌ ላክሁ። ሦስት ነጋዴ ፕሮፎርማ አመጣ፤ ዝቅተኛ ዋጋ የሰጠው አሸነፈ። ሕጉ ይኸው ነው። የጋሽ ወልዴን ወረቀት ግን መጣል አልሆነልኝም፤ መሳቢያዬ ውስጥ ከስቴፕለሩ ሥር አስቀመጥኩት።

ጎማዎቹ የመጡ ዕለት ጋሽ ወልዴ ተንበርክከው ጎናቸው ላይ ያለችውን አራት አኃዝ ፈለጓት። ሁለቱ ሳምንቱን፣ ሁለቱ ዓመቱን ይናገራሉ፤ የጎማ ልደት ናት። ባገኟት ጊዜ አቧራዋን በአውራ ጣታቸው ጠርገው አነበቧት።

«ስድስት ዓመቱ ነው» አሉ። «ልጅ ቢሆን ትምህርት ቤት ይገባ ነበር።» ጥፍራቸውን ተጫኑት፤ ጥፍራቸው ነጣ እንጂ ጎማው አልተበገረም። የሳንቲሟ ምርመራ ምንም አይልም፤ ጥርሱ ሙሉ ነው፤ አንበሳው እስከ አንገቱ ይሸፈናል። የሞተው ላስቲኩ ነው።

ንብረት ክፍል ግን የዕቃ ገቢ ደረሰኙን፣ ሞዴል 19ን፣ ቆርጦ ገቢ አድርጎታል። አንዴ ሞዴል 19 የተቆረጠለትን ዕቃ መመለስ ሙት እንደ ማስነሣት ነው።

«ወረቀቴስ?» አሉኝ ቀስ ብለው።

«አልተፈቀደም፣ ጋሽ ወልዴ። መሳቢያዬ ውስጥ ነው።»

«ይሁን» አሉ። ጉልበታቸውን አራግፈው ተነሡ።

መሥሪያ ቤት ተቀጥሮ የማያውቅ ሰው «ታዲያ አልነዳም አይሉም ነበር?» ይል ይሆናል። ልክ ነው፣ ውጭ ላለ ሰው ቀላል ነው። ጋሽ ወልዴ ከዚያ በፊት በዚሁ በጎማ ነገር የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ነበረባቸው። ሁለተኛ ጥፋት ከተገኘባቸው ሦስት ዓመት የቀረው ጡረታቸው አደጋ ላይ ነው። መኪናዋን የተረከቡት ፈርመው ነው፤ የሚተካቸው ሹፌር የለም፤ አሮጌዎቹ ጎማዎች ወልቀው ተወግደዋል። በየትም ቢዞሩ ግድግዳ ነበር። ነዱ።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ ኢንጂነሩ ከደብረ ሲና ወዲያ አንድ ርክክብ ላይ እንዲገኝ ተጠራ። ሰነዶቹን እንድይዝ እኔም ተላክሁ። ሦስት ሆነን ወጣን፤ ጋሽ ወልዴ መሪ ላይ፣ ኢንጂነሩ ከጎናቸው፣ እኔ ኋላ ከፋይሎቹ ጋር። ደብረ ብርሃንን አልፈን ሽቅብ ወደ ጣርማ በር ስንቃረብ ጉሙ ወረደ። ከዚያ በረዶው። መጀመሪያ ጣሪያው ላይ እንደ ጠጠር ጮኸ፤ ወዲያው ሁሉም ነገር ነጭ ሆነ። መንገዱ ነጭ፣ ቦዩ ነጭ። ቁጥቋጦ ያለበት አንድ መታጠፊያ ላይ የመኪናዋ ኋላ አንዴ ብቻ፣ በጣም በትንሹ፣ ወደ ገደሉ ሸሸ። ጋሽ ወልዴ ፍሬን አልነኩም፤ እግራቸውን ከነዳጁ ላይ አንሥተው ቀስ ብለው ወደ ተራራው ግድግዳ አስጠጓትና አቆሟት። ወረዱ። ጎንበስ ብለው መዳፋቸውን በረዶው ላይ አኖሩ፤ ከዚያም ጎማው ላይ። ተመልሰው ገብተው ቁልፉን ነቀሉ።

«አይሄድም» አሉ።

«ምን ማለት ነው፣ ጋሽ ወልዴ? ሰው እየጠበቀኝ ነው!» አለ ኢንጂነሩ። «ይሂዱ እንጂ፣ ቀስ ብለው ይንዱ።»

«ከጣርማ በር ዋሻ ወዲያ ቁልቁለት ነው፣ ኢንጂነር። ይሄ ጎማ ሽቅብ ላይ ነው የሸሸኝ። ቁልቁል አላቆመውም። በረዶው እስኪቀልጥ እንቆያለን።»

ቆየን። በእኔ በኩል ያለው በር ከተራራው ግድግዳ ጋር ስለተጠጋ አይከፈትም፤ በወዲያኛው በኩል ጉምና ነጭ መንገድ ብቻ ነው። መስኮቱ በትንፋሻችን ደፈነ። ኢንጂነሩ በከረባቱ ጫፍ ይጠርገዋል፤ ይደፍናል፤ ይጠርገዋል። ስልኩን ከፍ ዝቅ ያደርጋል፣ ኔትወርክ የለም። እግሬ ደነዘዘ። እዚያ ሣጥን ውስጥ የምቀር መሰለኝ፤ ደግሞ ሣጥኑን የዘጋሁት እኔው ራሴ ነኝ፤ ጎማውን የገዛሁት እኔ፣ ያምናውን የገለበጥኩት እኔ። ይህን ሁሉ አውቄ ፋይሎቹን ጭኔ ላይ አስተካከልኩ።

ሰዓት ሊሞላን ሲል አንድ አውቶቡስ ከኋላችን መጣ፤ ጥሩምባውን እየነፋ፣ እየተንገዳገደ አለፈንና ዋሻው ውስጥ ገባ።

«አየህ? አለፈ! ያውም ስንት ሰው ጭኖ!» ኢንጂነሩ ከእርስዎ ወደ አንተ የወረደው ያኔ ነው። «ቁልፉን ስጠኝ፤ እኔ እነዳዋለሁ።»

ጋሽ ወልዴ አልተቆጡም። «የሱን ጎማ አላየሁም፣ ኢንጂነር። የኔን ግን አይቻለሁ። ቁልፉን ፈርሜ ነው የተረከብኩት፤ ግቢ ስንደርስ አስረክባለሁ። እዚህ አልሰጥም።» ቁልፉን በኮታቸው ውስጥ ኪስ ከትተው እጃቸውን አጣምረው ተቀመጡ።

ሦስት ሰዓት ያህል ፈጀ። ፀሐይ ወጣ፣ በረዶው ውሃ ሆኖ ወረደ፣ በዝግታ ቁልቁል ሄድን። ስንደርስ ርክክቡ አልቆ ባለሥልጣኖቹ ተበትነዋል። አውቶቡሱም ደብረ ሲና መናኸሪያ በደህና ቆሞ አየነው። ምንም አልደረሰበትም። ኢንጂነሩ በጣቱ አሳየን። የጋሽ ወልዴ ሥራ ክፋቱ ይኸው ነው። የሠመረለት ቀን ምንም ነገር አይደርስም፤ ምንም ያልደረሰን ነገር ደግሞ በምስክር ማስረዳት አይቻልም።

ሳምንት ሳይሞላ ኮሚቴ ተቀመጠ። ክሱ «ያለ በቂ ምክንያት የመንግሥትን ሥራ ማስተጓጎል» ነው። ጋሽ ወልዴ ኮታቸውን ጭናቸው ላይ አጥፈው ግድግዳው ሥር ተቀምጠዋል፤ ያለ ኮት ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነው፤ ትከሻቸው ትንሽ ነበር። ሰብሳቢው ወደ እኔ ዞረ።

«ሹፌሩ ጎማው ከመገዛቱ በፊት ስለ ጥራቱ በጽሑፍ ጠይቄ ነበር ይላሉ። እንዲህ ያለ ጽሑፍ ግዢ ክፍል ደርሷል?»

ወረቀቱ ካለሁበት አንድ ፎቅ ዝቅ ብሎ፣ ከስቴፕለሩ ሥር ነው። ሮጬ ባመጣው አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ኮንትራቴ የሚታደሰው በዚያው ሳምንት ነበር። ኢንጂነሩ እስክሪብቶውን በጣቶቹ መካከል ያሽከረክራል፤ አላየኝም፤ ማየትም አላስፈለገውም።

«አላስታውስም» አልኩ።

ሰብሳቢው ወደ ጋሽ ወልዴ ዞረ። «እንግዲህ ለማን እንደሰጡት እርስዎ ይንገሩን።»

ስሜን ይጠሩታል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። የእያንዳንዱን ጎማ የልደት ቀን ከእነሳምንቱ የሚያስታውሱ ሰው ናቸው።

«እኔም አላስታውስም» አሉ።

አላባረሯቸውም። ቢያባርሯቸው ይሻል ነበር እላለሁ አንዳንዴ። መኪናውን ነጥቀው፣ ጡረታቸው እስኪደርስ በስምሪት ክፍል «በተጠባባቂነት» አስቀመጧቸው። ተጠባባቂነት ማለት በር አጠገብ ቆርቆሮ ጥላ ሥር ያለው አግዳሚ ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ፈርመው ይቀመጣሉ፤ አሥራ አንድ ተኩል ፈርመው ይነሣሉ። መንዳት የለም፣ መውጣት የለም። እኔ በቀን አራት ጊዜ በፊታቸው አልፋለሁ። ኮንትራቴ ታደሰ። ጫማዬን እያየሁ መሄድ ለመድኩ። እሳቸው በአግዳሚው፣ እኔ በዚያች መሳቢያ፣ ሁለታችንም እዚያ ግቢ ታስረን ከረምን፤ ልዩነቱ እሳቸው ንጹሕ መሆናቸው ነው።

ከወራት በኋላ አልቻልኩም። ወረቀቱን አውጥቼ ወደ አግዳሚው ሄድኩና እጃቸው ላይ አኖርኩት። «ይቅር ይበሉኝ» አልኩ።

ገልጠው አነበቡት፤ የራሳቸውን ጽሑፍ እንደ እንግዳ ጽሑፍ። «ሞዴል 19 ተቆርጦብኛል፣ ልጄ። ተመላሽ የለም» ብለው ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም።

«ለምን ስሜን አልጠሩም?»

«ስትንሸራተቺ አየሁሽ። የሚንሸራተት መኪና ላይ ፍሬን አይያዝም፣ መሪም አይጠመዘዝም። ዝም ብለሽ ትጠብቂዋለሽ፤ መሬት ሲያገኝ ራሱ ይይዛል።» ወረቀቱን አጥፈው መለሱልኝ። «አስቀምጪው። መሬት ስታገኚ ትሰጪዋለሽ።»

አግዳሚው ላይም ሆነው ልማዳቸውን አልተዉም። መኪና ሊወጣ ሲል ሳንቲማቸውን ይዘው ይነሣሉ። ሹፌሮቹ መጀመሪያ ላይ ቀለዱባቸው፤ በኋላ ግን «ይሄዳል» ሳይባሉ መውጣት ከበዳቸው፤ ዘበኛውም እሳቸውን ሳያይ በሩን መክፈት ተወ። ስፔስፊኬሽኑ ግን አልተለወጠም። ጡረታ የወጡ ዕለት የክብሪት ቀፎዋን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠውልኝ ሄዱ። ከወረቀቱ ጋር አንድ ላይ አኖርኳት። መሥሪያ ቤቱን ስለቅም ሁለቱን ይዤ ወጣሁ፤ ለዓመታት ሁለቱንም አልተጠቀምኩባቸውም።

ሳባ በደወለችልኝ ማግስት፣ ቂርቆስ ለቅሶው ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ የሰማሁት ወሬ ልቤን አደማው። «ጥሩ ሰው ነበር፤ ግትር ነው እንጂ» ይላል አንዱ። «በግትርነቱ አይደል መኪናውን የቀሙት» ይላል ሌላው። ሳባ አንገቷን ደፍታ ትሰማለች። ልጆቻቸው አባታቸው በእልኸኝነት የተቀጡ ሰው መሆናቸውን አምነው አድገዋል። ወረቀቱና ቀፎዋ ያሉበትን ቦርሳዬን አጥብቄ ያዝኩ፤ እንደ ኮሚቴው ቀን ወረቀቱን አላወጣሁትም።

ኑዛዜያቸው እናታቸው ካረፉበት፣ ሽቅብ እንጦጦ ላይ፣ እንዲቀበሩ ነበር። ስምንት ሰዓት ላይ አስከሬኑን የያዘው መኪና ልጆቹን ይዞ ቀድሞ ወጣ። እኛ እድሩ ወደ ተከራየው ቅጥቅጥ አውቶቡስ ስናመራ ዝናቡ ወደ በረዶ ተለወጠ። የቂርቆስ መንገድ በደቂቃ ውስጥ ነጣ። ሽማግሌዎቹና ባልቴቶቹ ነጠላቸውን ራሳቸው ላይ አድርገው ተሳፈሩ። እኔ ደረጃው ጋ ስደርስ እግሬ አልነሣም አለኝ። የክብሪት ቀፎዋን አወጣሁ። በኋላው ጎማ ላይ አንበሳውን ዘቅዝቄ አስገባሁት። ግንባሩ፣ ዓይኑ፣ አፍንጫው ሁሉ ታየ። መግባቷንም እንጃ፤ ጎማው ሊሾ ነው።

«አይሄድም» አልኩ።

«እትዬ፣ ይግቡ በናትዎ፤ ቀብሩ ሊያመልጠን ነው» አለ ሹፌሩ በመስኮት።

«በዚህ ጎማ እንጦጦ አይወጣም። ቢወጣም አይወርድም። ሰዎቹን አውርዳቸው።»

ጉምጉምታ ሆነ። «ይቺ ሴትዮ ምን ነካት?» «በሐዘን ነው፣ ተዋት፤ ያዝ አድርጋችሁ አስገቧት።» «እግዜር ያውቃል፣ ይነዳ!» አንድ ሌላ ቅጥቅጥ ሞልቶ በጎናችን አለፈ፤ ምንም አልሆነም። ከመኪናው ፊት ሄጄ በረዶው ላይ ቆምኩ። የእድሩ ዳኛ ጃንጥላ ይዘው መጡ።

«ማነው ያስቆመው?» አሉ ተቆጥተው።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «ሮማን እባላለሁ።»

ሌላ መኪና እስኪመጣ ከአንድ ሰዓት በላይ ቆምን። እንጦጦ ስንደርስ ግብዓተ መሬቱ አልቆ ሰው እየተበተነ ነበር፤ አንዲት ባልቴት «እርሜን ሳላወጣ አስቀረሽኝ» ብለው ጀርባቸውን ሰጡኝ። ልክ ናቸው። ያ ቅጥቅጥ ቢወጣ ምን ይሆን እንደነበር አላውቅም፤ ምናልባት ምንም።

ወደ መቃብሩ ሄድኩ። አፈሩ እርጥብ ነው፤ ጥግ ጥጉ ላይ በረዶው አልቀለጠም። ጎንበስ ብዬ መዳፌን አኖርኩበት። ሳባ ከጎኔ ቆማ ነበር፤ ምን እንዳደረግሁ ቀድሞ ደርሷታል መሰለኝ ግራ ተጋብታ ታየኛለች። በጭቃ እጄ ከቦርሳዬ የደብተሩን ወረቀት አውጥቼ ሰጠኋት። የአባቷን ትልልቅ ፊደላት ስታይ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

«አባትሽ ጽፈው ነበር» አልኳት። «የሰጡት ለእኔ ነው። አስታውሳለሁ።»